የኡምኩልሱም እግር

ጤናዬ ደፉ ላይ ተቀምጣ ምርኩዟን በበሩ ላይ አጋድማለች። ልጆቹ በረንዳው ላይ ተኮልኩለዋል፤ አንዳቸውም ግን ምርኩዙን ለመሻገር አይደፍሩም።

«እማማ፣ እንግባ እንጂ» ይላል ሙንታሲር። «ቆመን ልንቀር ነው?»

«እስቲ እግርህን አሳየኝ።»

ያሳያታል።

«ይኼ እግር የረገጠው ሱቅ ሳምንት አይከርምም። ቁም እዚያው።»

ልጆቹ ይስቃሉ። ሔለን አትስቅም። ግልገል በለስ የሰው ጌም ቤት ተቀጥራ፣ የሰው ጆይስቲክ ስትወለውል ኖራ፣ ይኸው ዛሬ አሶሳ የራሷን ከፈተች፤ መክፈት ከተባለ። ቴሌቪዥኖቹ በርተዋል፣ የግድግዳው ቀለም ገና ይሸታል፣ አያቷ ግን በሩን ይዛባታለች።

«እማማ፣ በመጀመሪያው ቀን ከሄዱ እኮ አይመለሱም።»

«መጀመሪያ የገባው እግር ጠማማ ከሆነም አይመለሱም።»

«ታዲያ የማንን እግር ነው የምንጠብቀው?»

የማንን እንደሆነ ሔለን ታውቃለች፣ ሰፈሩም ያውቃል።

በሰባ ሰባት ድርቅ ከወሎ ተጭነው የመጡ ጊዜ፣ ጤናዬ ከሰፈራው መንደር ወጥታ በዚህችው ክፍል ጨው ዘርግታ ነበር። ሰው በደጇ ያልፋል፣ ያያታል፣ ይሄዳል። መጤ ናት፤ ማን ያምናታል? አንድ ጠዋት ከአጥሩ ማዶ የምትኖር የበርታ ሴት፣ ኡምኩልሱም፣ «ቢስሚላህ» ብላ ቀኝ እግሯን አስቀድማ ገባች። አንድ ስኒ ጨው ገዝታ ወጣች። ሳይመሽ ጆንያው ተራገፈ። ጤናዬ ከዚያ ወዲህ ከሰው ፊት በፊት እግሩን ታያለች።

ሁለቱም ከማንጎው ሥር ገበጣ ሲጫወቱ አረጁ። መጀመሪያ የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም፤ ጉድጓድና ጠጠር ግን ነበራቸው። ማንጎውን በጤናዬ ግቢ የተከለው የኡምኩልሱም ባል ነው፤ ለጎረቤት ጥላ ይሁን ብሎ፣ አላህ ይማረውና። ለጌም ቤቱ በረንዳ ሲወጣለት ማንጎው ተቆረጠ። ገበጣው ላይ ሲሚንቶ ፈሰሰበት። ኡምኩልሱምን የጠየቃት የለም። ጤናዬም «በግቢዬ ነው» አለች። ካለች ወዲህ ኡምኩልሱም አጥሩን ተሻግራ አታውቅም።

«ሄደሽ ጥሪያታ» ትላለች ሔለን።

«እኔ? እኔ ጤናዬ፣ ሰው ደጅ ቆሜ ማሩኝ ልበል?»

ከልጆቹ ሁለቱ ወደ ፑል ቤቱ መንገድ ይጀምራሉ። ሔለን ጆይስቲኩን ታስቀምጥና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ጤናዬ ያንን የወደቀ ትከሻ ታየዋለች። የራሷ ትከሻ ነው፤ ጨው ዘርግታ ሰው ሲያልፋት የነበረው።

ጉልበቷን ይዛ ትነሳለች። አጥሩን ተደግፋ ትቆማለች።

«ኡምኩልሱም።»

ከአጥሩ ማዶ ዱቄት ሲነፋ ይሰማል።

«ወንፊቱ ይሰማኛል። አለሽ።»

ወንፊቱ ይቆማል።

«በመብራት የሚሠራ ገበጣ መጥቷል። ልጠራሽ ብዬ ነበር፤ ኋላ ግን አሰብኩት፤ ስትሸነፊ ትነጫነጫለሽ። ይቅር።»

«ማነው ተሸነፈ?» ይላል ከማዶ የመጣ ድምፅ።

«አንቺ ነሻ።»

«አንተ ጠጠር ይሰርቃል። ቀሚስ ሥር ይደብቃል። አላህ ያያል።» ኡምኩልሱም አማርኛውን ከጤናዬ ስትማር፣ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ማለት አልተዋትም፤ ጤናዬም አላረመቻትም።

የአጥሩ በር ይንሿሿል። ኡምኩልሱም ሰፊ መጎናጸፊያዋን እየሰበሰበች ትመጣለች። ከበረንዳው ጥግ የቀረውን የማንጎ ጉቶ ስታይ ትቆማለች። እጇን ትጭንበታለች።

«ቆረጥክ።»

«ቆረጥኩ።»

«አልጠየቅክም።»

«አልጠየቅኩሽም» ትላለች ጤናዬ። ወደ በሩ ተመልሳ ጎንበስ ትልና ምርኩዙን ከበሩ ላይ ታነሳለች።

ኡምኩልሱም በሩን ታያለች፣ ሔለንን ታያለች። «ቢስሚላህ» ትልና ቀኝ እግሯን ታስገባለች።

ሔለን ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ ጎን ለጎን ታስቀምጣቸዋለች፤ ጆይስቲክ ታስይዛቸዋለች። ቀዮቹ ተጫዋቾች የኡምኩልሱም፣ ሰማያዊዎቹ የጤናዬ። የቱን ሲጫኑ ምን እንደሚሆን ታሳያቸዋለች። ልጆቹ ከኋላ ይታጨቃሉ።

ኳሱ ጤናዬ ዘንድ ሲሆን ኡምኩልሱም ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትጠብቃለች። አምልጦ ወደ ቀዮቹ ሲሄድ፣ በተራዋ ጤናዬ ታስቀምጣለች።

«ቀሚያት እንጂ እማማ፤ ምን ትጠብቂያለሽ?» ይላል ሙንታሲር።

«ተራዋ ነው። አሳዳጊ የበደለህ፤ በሰው ተራ እጅ ይገባል?»

ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ወደ ፑል ቤቱ የሄዱት ሳቁን ሰምተው ይመለሳሉ፤ ሌሎችም አስከትለዋል። «ቀጣዩ እኔ ነኝ» ይላል አንዱ፤ «ዞር በል፣ እኔ ነበርኩ» ይላል ሌላው። ሔለን ማንን አስቀድማ ማንን እንደምታስከትል ጠፍቷታል።

የኡምኩልሱም ቀይ ተጫዋች የሚነካው ሳይኖር ጎሉ ድረስ ይሄዳል። አንዴ ትጫናለች። ይገባል። ልጆቹ ሲጮኹ እሷ ዞር ብላ አታያቸውም። ኳሱ ወደ መሀል ተመልሶ ሰማያዊዎቹ እግር ሥር ይቆማል፤ እሷም ጆይስቲኩን ታስቀምጣለች።

«ያንተ ተራ ነው።»

ጤናዬ ወዲያው አትጫንም። ማንጎው ይከልለው የነበረ ፀሐይ በክፍቱ በር ገብቶ እግሯን ይለበልባታል። ኡምኩልሱም ያንን ታያለች። ዓይኗን ወደ ቴሌቪዥኑ እንደመለሰች፣ የመጎናጸፊያዋን ጫፍ ዘርጋ አድርጋ የጤናዬን እግር ታለብሳለች።