የሜዳው ግማሽ

ዐረብ አገር፣ ሚርዲፍ በሚባል ሰፈር ባለ አንድ መናፈሻ ውስጥ ሁለት አሰልጣኞች አንድ ሜዳ ተካፍለው ለልጆች ኳስ ያስተምሩ ነበር። በአንዱ ግማሽ ይርጋ፣ በሌላው ኢሳ። ሁለቱም ኢትዮጵያውያን ናቸው። የሚያሠራቸው ዚያድ የሚባል ሰው ነው። ውል የላቸውም።

«ልጅ ካለህ ሹግል አለህ፤ ልጅ ከሌለህ ኸላስ» ብሏቸዋል፤ ልጅ ከጠፋ ሥራው አበቃ ማለቱ ነው።

እኩል አራሽ እንኳ አዝመራው እስኪሰበሰብ ከመሬቱ አይነቀልም። አሰልጣኝ ግን በማንኛውም ቀን ይነቀላል። ቪዛው በዚያድ እጅ ነው፤ ሥራው ከቀረ አገሩ ይገባል።

ይርጋ ሥራውን ያከብራል። አጅማን ከተማ ካለው ቢድ ስፔሱ፣ በጋራ ክፍል ከተከራያት አንዲት አልጋ፣ የሚወጣው ቱታውን ተኩሶ፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነው። ሜዳ ላይ ከእንግሊዝኛ ሌላ አይናገርም። የመጀመሪያ ቀን ሎዛ የምትባል ሞግዚት፣ ሲሀም የምትባል ልጅ ይዛ መጥታ፣ «ወንድሜ፣ ያገር ልጅ ነህ አይደል?» አለችው። ከመስመሩ ውጪ እንድትቆም በእንግሊዝኛ ነገራት። ከሠራተኛ ጋር ሲያወራ ከታየ ማዳሞቹ የሚንቁት ይመስለዋል።

ኢሳ የወሎ ልጅ ነው፤ ዐረብኛ ያውቃል። ሲያሰለጥን ይቀልዳል። ሞግዚቶቹ ጥላው ሥር ኳሶቹ አጠገብ ቢቀመጡም ዝም ይላል። ይርጋ ይህን ከስንፍና ይቆጥረዋል።

ከረመዳን በኋላ የይርጋ ልጆች መቅረት ጀመሩ። መጀመሪያ ጎበዟ ሲሀም፣ ከዚያ ወንድሞቿ፣ ከዚያ የጎረቤት ልጆች። ቤታቸው አልተቀመጡም። ሜዳውን ተሻግረው ኢሳ ጋ ተሰለፉ።

አንድ ቀን ኢሳ አንድ መኪና መስኮት ላይ አጎንብሶ ከአንዲት ማዳም ጋር በዐረብኛ ሲያወራ ይርጋ አየው። ሴትየዋ ወደ ይርጋ ተመለከተች። ከዚያ መስኮቱን ዘጋች።

የይርጋ ደም ፈላ።

«ምን አልካት?»

«መንገድ ጠይቃኝ ነው።»

«መንገድ! የኔን ልጆች ወዳንተ የምትነዳበትን መንገድ?»

«ልጆቹ በእግራቸው ነው የመጡት፤ ተሸክሜ አላመጣኋቸውም።»

«አንተ እባብ! ዐረብኛ ስለቻልክ ሰው ጉሮሮ ላይ ትቆማለህ?»

«ዋላሂ፣ ስምህን አንስቼ አላውቅም።»

ይርጋ አላመነውም። ለዚያድ ደወለ። ኢሳ ወላጆቹን እያግባባ ነው፣ የራሱን ቡድን ሊያቋቁም ነው አለው። ይህን ከራሱ ነው የፈጠረው። ዚያድ ደግሞ ማጣራት የሚባል ነገር አያውቅም። በማግስቱ ኢሳ ኳሶቹን አስረክቦ ወጣ።

«አላህ ይይልህ» አለው ሲያልፍ።

ሜዳው ሙሉ ለሙሉ የይርጋ ሆነ። ፊሽካውን ነፋ። አንድም ልጅ አልመጣም። ልጆቹ ማዶ ዥዋዥዌው ላይ ናቸው፤ ሞግዚቶቻቸውም አብረዋቸው ተቀምጠዋል። ይርጋ ደግሞ ነፋ። ዞር ብሎ ያየው የለም።

ዚያድ ደወለ። «ልጆቹ የታሉ? ነገም ከሌሉ ኸላስ።»

ኢሳ ቢሄድም መርዙ እንዳልሄደ ይርጋ እርግጠኛ ሆነ። ማዳሞቹን አንድ በአንድ ፊት ለፊት ሊጋፈጣቸው ቆረጠ። ከሲሀም እናት ጀመረ።

የግቢውን በር የከፈተችው ሎዛ ናት። ሰላም አላላትም።

«ማዳም» አለ ብቻ።

ማዳም ወጣች። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ኢሳ ስለኔ የነገረዎት ሁሉ ውሸት ነው!» አላት። «አሰልጣኙ እኔ ነኝ። ልጆችዎን ይመልሱልኝ።»

ማዳም ቱታውን አየች፣ ፊሽካውን አየች።

«ኢሳ ማነው?» አለች። መልስ ሳትጠብቅ ወደ ኋላዋ ዞረች።

«ሎዛ፣ የልጆቹን አሰልጣኝ የምትመርጪው አንቺ ነሽ፤ ይህን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?»