በቀን አንድ ጎብኚ

አራት መቶ ድረ ገጾችን በጋራ የያዘው ሰርቨር ሞልቷል። «ኢሜይላችን ቆመ!» እያሉ የሚሳደቡ ደንበኞች ስልኩን አላሳርፍ ብለዋል። ሥራ አስኪያጁ አቶ ልሳነወርቅ ከቴክኒሻኗ ጀርባ ቆመው የሞቱትን ገጾች እንድትሰርዝ አዘዙ። በሳቸው ሕግ፣ በቀን ከአንድ ሰው በላይ የማይጎበኘው ሁሉ ሞቷል። ሰውን በጎብኚ ቁጥር የሚቀብሩ አለቆች መቼም አያልቁብንም።

የመሰረዣውን ትእዛዝ ኮምፒውተሩ ላይ ጽፋ ጨርሳለች፤ የቀራት «ኢንተር» የሚለውን ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ከሚጠፉት መካከል የእማማ ዘቢደር ገጽ አለ። ከስድስት ዓመት በፊት በበረሃ ተሰዶ የጠፋውን ልጃቸውን እንዲያፈላልግላቸው የእድር ጎረቤቶቻቸው የእሱንና የእሳቸውን ፎቶ አስለጥፈው ያሠሩላቸው ነው።

«ይሄን እንተወው፣ ጋሼ። በየቀኑ አንድ ሰው ይከፍተዋል።»

«እናትየዋ ናታ! ደውለሽ ንገሪያትና አጥፊው። አምስት ደቂቃ አለሽ።»

አለቃዋም እንዲሰሙ ስፒከሩን ከፍታ ደወለች። «እማማ፣ የልጅዎን ገጽ በየጠዋቱ የሚከፍቱት እርስዎ ነዎት?»

«በምን ዓይኔ፣ ልጄ? ብርሃኔን ካጣሁ ሦስት ዓመቴ። ጎረቤቶቼም ተስፋ ቆርጠው ትተውታል።»

«አለቀ፤ ተጫኚው!» አሉ አለቃዋ።

እሷ ግን የጻፈችውን አጥፍታ ሌላ ትእዛዝ ጻፈች። የገጹ የጎብኚዎች መዝገብ ስክሪኑን ሞላው። ያው አንድ ጎብኚ፣ ሁልጊዜ ጠዋት፣ ሁልጊዜ ከትሪፖሊ። የጠፋውን ልጅ ፎቶ አንድም ቀን ከፍቶት አያውቅም። የሚከፍተው የእናቲቱን ፎቶ ብቻ ነው።