ጥለቱ ወደ ላይ

ራሱ የሣለው የኮሚክ ታሪክ የመጀመሪያ ገጽ ከማተሚያው ሲወጣ ሽታሁን እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ ተቀበለው። ጀግናው ኩታውን እንደ ክንፍ ዘርግቶ ከዓባይ ሸለቆ በላይ ይበራል።

«ቀስ፣ ቀለሙ አልደረቀም» አለችው የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ዘሚራ። «መብራት ካልጠፋ ቢቸና እንዲሸጥልህ ለሚኒባሱ እናደርሰዋለን።»

«የኮሚክ የመጀመሪያው ዘመንም እንዲህ በርካሽ ወረቀት ነው የጀመረው» አለ ሽታሁን፤ በሌላ ቀን ሰላምታ እንኳ በግድ የሚወጣው ልጅ። «ጀግኖቹ ይበራሉ፣ ያሸንፋሉ፣ አለቀ። የሚያዝን ጀግና የመጣው ኋላ ነው፤ በሌላ ዘመን።»

«ያንተስ የየትኛው ነው?»

«የመጀመሪያው ነዋ። ለከተማችን ለሞጣ ገና መጀመሪያ ነው።»

መታወቂያቸውን ኮፒ ሊያስደርጉ የገቡት እትዬ ይርጋነሽ ገጹን አንሥተው አዩት። ፊታቸው ጨለም አለ።

«ውይ ልጄ፣ ማን ሞቶበት ነው?»

«ማንም አልሞተበትም።»

«ታዲያ ጥለቱን ምን አንገቱ ላይ አወጣው? ሐዘንተኛ አይደል እንዲህ የሚለብስ?»

የሽታሁን ፊት እስከ ጆሮው ጋለ። ቀለሙ ፊቱ አጠገብ ይደምቃል ብሎ ብቻ ነበር የሣለው። በሁሉም ገጽ ላይ ጥለቱ ወደ ላይ ነው። ጀግናው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሐዘን ላይ ነበር፤ ያላወቀው ሰዓሊው ብቻ።

«አቁሚው ዘሚራ። ቢቸና ሙሉ ይስቅብኛል።»

ዘሚራ እጇን ወደ ማቆሚያው ዘረጋች። እትዬ ይርጋነሽ ግን አልሳቁም። መታወቂያቸውን ረስተው በርጩማው ላይ ተቀምጠዋል፤ ጠረጴዛው ላይ ለመታተም የተደረደሩትን ሌሎች ገጾች አንድ በአንድ እያገላበጡ የሞተውን ሰው ይፈልጋሉ።

«እዚህ ጋ ልጁን ከጎርፍ ሲያወጣው» አሉ በጣታቸው እየነኩ፣ «ይኼ ለራሱ ሰው ያልደረሰ ነው። ወንድሙን ይሆን ያጣው? ንገረኝ እንጂ፣ ምን ያሽኮረምምሃል?»

ሽታሁን ጎንበስ ብሎ የጎርፉን ሥዕል እንደ አዲስ አየው።

«እንዳታቆሚው። አንድ ገጽ ብቻ ልጨምር።»

«ሚኒባሱስ?»

«እሱን ለእኔ ተዉት፣ አስጠብቀዋለሁ» አሉ እትዬ ይርጋነሽ ነጠላቸውን እያጣፉ፤ ወደ መናኸሪያው ወጡ። «ብቻ ስመለስ የማን ሐዘን እንደሆነ ልወቅ።»

ሽታሁን ንጹሕ ወረቀት ስቦ አጎነበሰ። መጀመሪያ ወንዙን ሣለ። ከዚያ በዳሩ፣ ድንጋይ ላይ፣ የሁለት ልጆች ጫማ ጎን ለጎን። ከውኃው የወጣው እርጥብ ዱካ ግን የአንድ ልጅ ብቻ።