አቤት ያለ ቤት

እዮብ የፍሳሽ ጉድጓዱን ክዳን በዶማ ጫፍ ፈንቅሎ ወደ ጎን ይገፋዋል። ሽታው ቀድሞን ይወጣል። የነሐሴ ጉም ሞጣን ከጠዋት ጀምሮ እንደዋጣት ነው፤ ከቆምኩበት ሆኜ የራሴን ቤት በር አላየውም። እዚያ መኖሩን የማውቀው ስለኖርኩበት ብቻ ነው።

«እንግዲህ ይጥሩ፣ አያ ፋንታ» ይለኛል። ቧንቧ ሠራተኛችን ነው። ሲሚንቶ የሚያነሳበትን ማንካ ሱሪው ላይ እየጠረገ ዓይኑን ያሸሽብኛል።

ለምን እንደምጠራ ልንገራችሁ፣ ልጆቼ። የሰፈራችንን የጋራ ፍሳሽ የምናስተዳድረው እኛው ነን፤ ሰብሳቢው እኔ ነኝ። ሰው የማይኖርበት ቤት ቧንቧ ይታሸጋል። አለዚያ የዝናብ ውሃ በባዶው ሽንት ቤት እየገባ መስመሩን ይሞላና ከታች ካሉት ግቢ ይገነፍላል። ታዲያ አንድ ጊዜ ባዶ ነው ብለን ያሸግነው ቤት ለካስ ሰው አለበት፤ የደረሰበትን አታንሱት። ከዚያ ወዲህ ከማሸጋችን በፊት ሰብሳቢው በቧንቧው አፍ የቤቱን እመቤት በስሟ ይጠራል። አቤት ያለ ቤት አይታሸግም። በጭብጨባ ያጸደቅነው ደንባችን ነው።

ዛሬ የሚታሸገው የእኔ ቤት ነው። ባለቤቴ ይርጋነሽ ካረፈች ወዲህ አገሬ ከምትባለው ልጄ ዘንድ ገብቻለሁ። ቤቱ ተዘግቷል፣ የሽንት ቤቱንም ቆርቆሮ ነፋስ ወስዶታል።

«የማንን ስም ልጥራ?» እላለሁ፣ እያወቅሁት።

«ደንቡ እመቤቲቱን ነው የሚለው።» እዮብ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «ከከበደዎ እኔ ልጥራልዎ?»

ዘይዳ አጠገባችን ቆማለች። ቤቷ ከሁሉም ዝቅ ያለው ነው። ትናንት ሲዘንብ ቆሻሻው የልጅ ልጇ ከሚተኛበት ፍራሽ ሥር ገብቶ አደረ፤ ሕፃኑ ዛሬም ሆዱን ይዞ ያለቅሳል።

«ይርጋነሽ በሕይወት ብትኖር» ትለኛለች፣ ልታሥቀኝ ፈልጋ፣ «እስካሁን ጆሮዎን ይዛ ጎትታ ታስጠራዎ ነበር።»

እንበረከካለሁ። አፌን ጉድጓዱ ውስጥ ብቅ ካለው ከቤቴ ቧንቧ አጠጋለሁ።

«ይርጋነሽ!»

ስሟ በቧንቧው ውስጥ እየራቀ፣ እየራቀ ይሄዳል። ከዚያ ጠብታ ብቻ።

«ይርጋነሽ!»

ምንም። እዮብ ሲሚንቶውን ማሸት ይጀምራል። ሦስተኛውን መጮኽ ያቅተኛል፤ ማታ ማታ ጓዳ ሆና እጠራት እንደነበረው አድርጌ እጠራታለሁ።

«ይርጋ።»

«አቤት።»

ከቧንቧው ነው። ጮክ ያለ አይደለም። እጇ ሥራ ላይ ያለ ሴት እንደምትለው፣ ቸኮል ብሎ።

ማንካው ከእዮብ እጅ ወድቆ ድንጋዩ ላይ ይጮኻል። እሱ ያማትባል፣ ዘይዳ «አዑዙ ቢላህ» ትላለች። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ለእዮብ እሰጠዋለሁ። ጉሙ ውስጥ ይገባል፤ በሩ ሲጢጥ ሲል እሰማለሁ። ሲመለስ ከንፈሩ ደርቋል።

«ሰው የለም አያ። ወለሉ አቧራ ነው። ከእኔ በቀር ማንም አልረገጠውም።»

ያኔ በሮች መከፈት ይጀምራሉ። አንዱ፣ ከዚያ ማዶ ሌላው። ከጉሙ ውስጥ ሴቶች እየወጡ ወደ እኛ ይመጣሉ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው። ፊተኛዋ ስርጉት ናት።

«አያ፣ ይርጋነሽን የጠራት ማን ነው? ስሟን ከሽንት ቤቴ ቀዳዳ ሰማሁት!»

«እኔም ቤት» ይላሉ ሌሎቹ።

ቧንቧው ድምፄን ለሰፈሩ ሁሉ አድሎት ኖሯል። እዮብ ነፍሱ ይመለሳል፤ ይስቃል እንዲያውም። «በሉ ተናዘዙ! ከእናንተ ማንኛችሁ ናችሁ አቤት ብላችሁ ልቤን ያቆማችሁት?»

«እኔ?» ትላለች ስርጉት። «የማላየው ሰው ሲጠራኝ በገዛ ስሜም አቤት አልል! እንኳንስ በሟች ስም፣ ያውም ከሽንት ቤት!»

ወደ ቀጣይዋ አያለሁ። ራሷን ትነቀንቃለች። ቀጣይዋም። ለደንቡ ሲባል ካልሆነ በቀር በኛ አገር ማን እንደጠራው ሳያይ አቤት የሚል የለም፤ ይህን ከልጅነታችን ነው የምንማረው። ሴቶቹ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ከዚያም ትንሽ ትንሽ ይጠጋጋሉ። የእዮብ ሣቅ የት እንደገባ አላውቅም።

«እንግዲህ» ትላለች ዘይዳ በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። «አቤት ያለ ቤት አይታሸግም። እኔ ምን እላለሁ? ደንብ ነው።»

ልትሄድ ትዞራለች። ቀሚሷ በዚያ ቆሻሻ ውሃ ከጠርዙ እስከ ጉልበቷ ጠቁሯል።

«ቆይ፣ ዘይዳ» እላታለሁ። «ክረምቱን ሙሉ ደጄ እየመጣሽ ምን ስትይኝ ነው የከረምሽው?»

«ምን አልኩዎ?»

«አቤት አይደለም ወይ ስትይኝ የከረምሽው? ያንቺስ ቤት አቤት አላለም?»

ዓይኗ ይሞላል።

«እዮብ፣ መወተፊያውን ጨርቅና ሲሚንቶውን አቀብለኝ።»

ጨርቁን ራሴ እጠቀጥቃለሁ። ሲሚንቶውን ከመሙላቴ በፊት ጎንበስ ብዬ «ይርጋ፣ ልዘጋው ነው» እላለሁ። እጠብቃለሁ። ጠብታው እንኳ ቆሟል። ቶሎ የሚይዘውን ሲሚንቶ በእጄ አፍሼ የቧንቧውን አፍ እደፍነዋለሁ፣ እዮብ እንዳዘዘኝም መዳፌን አጥብቄ እጫነዋለሁ።

ሴቶቹ ገብተዋል። በሮቹ አንድ በአንድ ይዘጋሉ። ሲሚንቶው እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል።

ከዚያ መሞቅ ይጀምራል። ከመዳፌ ሥር፣ ከውስጥ በኩል።

ቀና ብዬ እዮብን አየዋለሁ።

«ሲሚንቶ ነው እኮ፣ አያ» ይላል፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እያለ። «ሲይዝ ይሞቃል።»

«አውቃለሁ።»

«ይዟል አሁን። ይልቀቁት።»

«እሺ» እላለሁ። እጄን ግን አላነሳም።