ቀዩ ብርድ ልብስ

ሹካዋን አስቀምጣ ከሰገነቱ ጫፍ ቁልቁል አየች። ኮረብታው ላይ አዲስ ከተከፈተው ሆቴል ሲያዩት ኮልፌ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ነበር። ጠዋት ከባሏ ጋር ከመውጣታቸው በፊት የሠርጋቸውን ቀይ ብርድ ልብስ ጣሪያቸው ላይ ዘርግታው ነበር፤ ገና የገቡበት የራሳቸው ቤት ከዚህ እንዲታያት።

"የታለ?" አለ ባሏ፣ ፓስታውን መጠቅለሉን ትቶ።

"ያውና!" ብላ ጠቆመች። ወዲያው ጣቷ አየር ላይ ቀረ። አጠገቡ ሌላ ቀይ ብርድ ልብስ ተዘርግቷል። ከዚያ ወዲያ ቢጫ አንሶላ፣ ወዲህ ነጭ ጋቢ፣ ባለ አበባ መጋረጃ፤ የሰፈሩ ጣሪያ ሁሉ ለብሷል።

"ለማን ነግረሽ ነው?"

"ኧረ በማርያም፣ በአጥሩ ላይ ለእትዬ ጤናዬ ብቻ!"

"በቃ፣ ሰፈሩ በሙሉ ከላይ መታየት አምሮታል!" ብሎ ሳቁን ለቀቀው። አስተናጋጁ ዞር ብሎ አያቸው።

እሷ ቤቷን ደግማ ፈለገች፤ የትኛው ቀይ የእሷ እንደሆነ መለየት አቃታት። ከአንዱ ግቢ ግን አንድ ሰው ነጭ ነገር ወደ ኮረብታው ሲያውለበልብ ታያት። ባሏ የአፍ መጥረጊያውን ጨርቅ አንሥቶ በማውለብለብ መለሰ።

ያቺ ጨርቅ ለዚያ ሁሉ ጎረቤት አነሰችባት። ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፋ ብድግ አለች።