ስሙ ያልታወቀ ሰው

ሰልፉ ቀስ እያለ ይሄዳል። አማቴ ነጠላዬን ከኋላ ይዘው ይከተሉኛል። ዓይናቸውን ሞራ ከሸፈነው ቆይቷል፤ ባንዶቹ ከገበያው ሲነዱን "እኒህ አያዩም" ብል ማን ሊሰማኝ። "ሁሉም ይግባ ተብሏል" ብለው የሽንብራ ቁናዬን በር ላይ አስቀምጠው አስገቡን።

አዳራሹ የጣልያን መኮንኖች የሚጠጡበት ነው። ዛሬ ወንበሩ ሁሉ ወጥቶ ግድግዳው በሰው ፊት ተሞልቷል። ጣልያኑ ፎቶ አንሺ ደብረ ታቦርንና ዙሪያዋን ሲዞር ከርሞ ያነሳውን አሳድጎ ሰቅሎታል። ገና ልጅ እግር ነው፤ ሥራውን ለሰው ሲያሳይ የመጀመሪያው ነው አሉ። እንደ ሙሽራ ይቁነጠነጣል። እዚህ ከተወደደለት ጎንደር፣ ከዚያም ሮማ ይወስደዋል። እኛ ብንወድ ባንወድ ምን እንደሚረባው እንጃ።

ሰው ይስቃል። "ሞላ፣ አንተን ከነበሬህ አኑረውሃል" ይላል አንዱ ከፊቴ። ሞላ ራሱን ያይና አፍሮ አንገቱን ይደፋል። ደሞ አላስችል ብሎት ቀና ይላል።

ከዚያ ግድግዳው ላይ በላይነህን አየዋለሁ።

ባሌ ነው። ከድንጋይ ካብ ላይ አስደግፈው አስቀምጠውታል። ጋቢው እስከ አገጩ ተስቧል፣ ዓይኑ ተከፍቷል። የዓይኑ ጥግ ላይ ዝንብ አርፏል። ሞቷል።

አስተርጓሚው ፈንታሁን ከፎቶግራፉ ሥር ቆሟል። ለሚያልፈው ሁሉ ያንኑ ይደጋግማል። "ይህ ባለፈው ወር እብናት በኩል የተገደለ ሽፍታ ነው። ስሙ አልታወቀም። የሚያውቀው ካለ ይናገር።" አፉ ይህን ይላል እንጂ ዓይኑ ሌላ ሥራ ላይ ነው። የሚያልፈውን ሰው ፊት ነው የሚያየው።

እኛ ለበላይነህ ካለቀስን ቆየን። ዱር ቤቴ ብሎ በወጣ ማግስት ከሽማግሎቹ ጋር መከርንና ተንቤን ላይ ሞተ ብለን መርዶ አስነገርን። ጸጉሬን ተላጨሁ። በቅሎውን ጭነን፣ ጋሻውን አውጥተን ተላቀስን፤ ተዝካሩንም አወጣን። መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣ መንደሩ ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብሏል። የአርበኛ ቤት ይቃጠላል፣ የሟች ቤት ግን አይነካም። ባሏ የሸፈተውን የጎረቤታችንን የፈንታነሽን ቤት ከነጎተራው ሲያነዱት የእኛን አልፈውት ሄደዋል። አሁን ይህ ሰው በላይነህ ነው ከተባለ፣ ያኔ ያለቀሰው ሰው በሙሉ ሲዋሽ ነበር ማለት ነው። ከአማቴ ጀምረው ይለቅሙናል።

ስለዚህ ማልቀስ የለብኝም። የሚገርመው፣ ራሴን መከልከል አላስፈለገኝም። ያኔ ደረቴን ስደቃ የምሬን ነበር። እንደማይመለስ አውቄው ስለነበር በቁሙ እንባዬን ጨረስኩለት። አሁን ውስጤን ብፈልገው ምንም የለም።

"ላቀች፣ ምነው ቆምሽ?" ይላሉ አማቴ።

"ሰልፉ ቆሞ ነው፣ እናቴ።"

"ፊታችን ያለው ምንድን ነው?"

"የሰው ስዕል ነው።"

"የማን?"

ፈንታሁን ያየኛል።

"የማናውቀው ሰው ነው" እላለሁ።

"የተገደለ ነው ሲሉ ሰማሁ ልበል?"

"አዎ።"

አማቴ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። "የማን ልጅ ይሆን። እናቱ አፈር ሳታለብሰው። ነፍሱን ይማር፣ በይ።"

"ነፍሱን ይማር" እላለሁ።

ነጠላዬን የያዘው እጃቸው ይጠብቃል። ከዚያ ወዲያ አይጠይቁኝም። ይግባቸው አይግባቸው አላውቅም፤ ዞሬ ፊታቸውን ለማየት አልደፍርም። እግሬን አንስቼ አልፋለሁ።

"አንቺ፣ ቁሚ።"

ፈንታሁን ነው። አለቀልን እላለሁ በልቤ። ፎቶ አንሺው ሰውን እየገፋ ይመጣና ፊቴን በዚህም በዚያም ዞሮ ያያል። እጁን እያወናጨፈ ለፈንታሁን በጥድፊያ ያወራለታል።

"ዛሬ እዚህ የገባ ሰው ወይ ሲስቅ ወይ ሲፈራ ነው ያየሁት ይላል" ይለኛል ፈንታሁን። "አንቺ ግን ፊትሽ ላይ ምንም የለም። እንዲህ ያለ ፊት ስፈልግ ነበር፣ አሁኑኑ ላንሳት ነው የሚለው።"

"አንስቶ ምን ያደርገዋል?"

"ከእነዚህ ጋር ያሳይሻል። ጎንደርም ይዞሽ ይሄዳል።"

"የት ላይ ነው የሚያደርገኝ?"

ለምን እንደጠየቅሁ እንጃ። ፈንታሁን ይተረጉምለታል። ጣልያኑ ግድግዳውን ዞሮ ዞሮ ያያል፤ ሁሉም ሞልቷል። ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ የቀረው ከበላይነህ ጎን ብቻ ነው። በጣቱ እዚያ ያሳየኛል።

በላይነህና እኔ አብረን ፎቶግራፍ ተነስተን አናውቅም።

"እሺ በለው" እላለሁ።

ወንበር ያመጣሉ። አማቴን ከግድግዳው አስጠግቼ እቀመጣለሁ። ጣልያኑ መሣሪያውን በሦስት እግሩ ፊቴ ያቆምና ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቦ ጎንበስ ይላል።

"ቀጥ በይ፣ አትንቀሳቀሽ" ይላል ፈንታሁን።

ራሴን ግድግዳው ላይ በላይነህ ወደሚሆንበት ጎን ትንሽ አዘነብላለሁ። ጣልያኑ ከጨርቁ ይወጣና አገጬን በሁለት ጣቱ ይዞ ያቃናኛል። ተመልሶ ጨርቁ ውስጥ እስኪገባ እጠብቃለሁ። እንደገና አዘነብላለሁ።