የጀልባዋ አፍንጫ

ከብልባላ በታች ግድቡ ከተሠራ ወዲህ መንገዱን ውሃ ውጦታል። የማዶ ሰው ገበያ ለመውጣት ተራራውን መዞር አለበት። ሰገነት ይህን አይታ ነው ላሊበላ ካለው ብየዳ ቤቷ የብረት ጀልባ ሠርታ፣ በአይሱዙ አስጭና ያመጣችው።

ሞተሩን እንደ ሌላው ሰው ጀልባዋ ላይ አላሰረችውም። ከኋላ የብረት መደገፊያ በይዳ፣ ከጀልባዋ ውጭ አንጠለጠለችው። ውስጡ ሰፋ፤ ቃሬዛ ሳይቀር ያስተኛል። መሪውም ነካ ሲያደርጉት ይታዘዛል። ግን ጣጣ አለው። ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሸሸ፣ ነዳጅ ሲሰጧት አፍንጫዋ ሽቅብ ይነሣል፤ ያኔ ነፋስ ካገኛት አለቀላት። ከፊት የሚቀመጥ ሰው የግድ ነው።

የአጎቷ ልጅ የአብስራ ሊቀመጥላት ቃል ገብቶ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግን አባቷ ቄስ ከፋለ ሕዝቡ ፊት ቆመው ገዘቱ።

«ከዚች ልጅ ጋር የሚሳፈር ሁሉ የተገዘተ ይሁን! ይህ ውሃ አምና ልጄን ምሥጋናውን በልቶብኛል። ሁለተኛ ልጅ አልገብርለትም!»

«አባባ፣ እኔን ረሱኝ» አለች ሰገነት ከሴቶቹ መካከል። «እኔን አልገዘቱኝም።»

«አንቺማ መቼ ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ!»

የአብስራ ቀረ። ማን ግዝት ይደፍራል? ቀበሌው ደግሞ ሰኞ ጀልባዋ በደህና ስትሻገር ካላየሁ ፈቃድ የለም ብሏል። ሰገነትን እልህ ያዛት። አመሻሹ ላይ አሸዋ የሞሉ ጆንያዎች ከጀልባዋ አፍንጫ ሥር ደርድራ ሸራ አልብሳ በገመድ አሰረቻቸው። ጆንያ አይገዘት!

ሰኞ ጠዋት አገሩ ሁሉ ውሃው ዳር ቆሞ ጠበቃት። አባቷ ብቻ የሉም።

«አኩርፈው ተራራው ላይ አሸተን ማርያም ወጥተዋል አሉ» አላት የአብስራ፣ ዓይኗን ሳያይ።

«ይውጡ! እንድሰምጥ ስለት ይሳሉ እንደሆን እንጃ!»

ጀልባዋ አጠገብ አሸዋ ፈስሷል። ደሟ ፈላ። ጆንያዎቼን ሊያራግፉብኝ ሞክረዋል፣ አለች በልቧ። ሸራውን በመዳፏ ጫን አደረገችው። ሞልቷል፤ ገመዱም እንደታሰረ ነው። ሞተሩን አስነሣች።

መሐል ላይ ነፋሱ መጣ። አፍንጫዋ ትንሽ ተነሥቶ ተመለሰ። ጀልባዋ ወደ ግራ ስታዘነብል ጭነቱ ወደ ቀኝ ተንሸራተተ። አጥብቄ አላሰርኩትም ማለት ነው እያለች ነዳጁን ቀነሰች፤ መሪውን ነካ ስታደርገው ጀልባዋ ቀጥ አለች።

ያኔ ሆዷ ውስጥ የከረመው ሁሉ ወጣ።

«አባባ!» ብላ ወደ ተራራው ጮኸች። «እኔም ወንድሜን ነው ያጣሁት! ግን ስፈራ አልኖርም! ይኸው ማንም ሳይረዳኝ! ይስሙኝ፣ ብቻዬን ነው የተሻገርኩት! ብቻዬን!»

የማዶ ሴቶች በእልልታ ተቀበሏት። ጀልባዋን ዳር አስጠግታ፣ ጆንያዎቹን ልታወርድ ገመዱን ፈታች፤ ሸራውንም ገለጠችው።

ቄስ ከፋለ ጫማቸውን አውልቀው፣ ጉልበታቸውን አቅፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ።